ስላጨበጨብንበት ውሃ

ለሉሴንጋ ዩራኒየም አክሲዮን ማኅበር
የባለአክሲዮኖች ጉዳይ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት፣ እንዲሁም ቢሮዎ ውስጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደርድሮ ያየሁትን የመጠጥ ውሃ ደህንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ በካሊንጎ ወንዝ ዳር ሩዝና ካሳቫ የማመርተው ዋይሰን ምዋንጎሌራ እስከ ዛሬ ደህና ነኝ። ስለ መጪው ሐሙስ ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁ ምንም አልልም።

ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ያማረ ነው። በመምህርት ፋይነስ የማታ ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ አሥራ አንድ ሴቶች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ከእኔ የበለጠ ነጥብ አምጥተዋል የሚባለው ሐሜት ነው። ከወንዶች አንደኛ መሆኔን ግን ጠላቴም አይክድም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ ያነበብኩት የሳሙና መጠቅለያ ነበር፤ ቀጥሎ የእናንተን የአክሲዮን ወረቀት አነበብኩ። ወደ ማዕድኑ የሚሄደው መንገድ የሩዝ ማሳዬን ለሁለት በከፈለው ጊዜ በካሳ ፋንታ የሰጣችሁኝና እኔም በአውራ ጣቴ የፈረምኩበት ወረቀት ነው። መንደራችን ውስጥ ያልተሰጠው ቤት የለም። ባለርስት ሆነን ያገኛችሁንን ሰዎች ባለአክሲዮን ስላደረጋችሁን ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሩዝ በየዓመቱ መዘራት ነበረበት፤ አክሲዮን ግን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ራሱን ይጠብቃል፣ አይበላም እንጂ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ፤ ቅሬታ በቁጥር ይጻፋል ብላ መምህርታችን አስተምራናለች።

አንደኛ። የዛሬ ሁለት ወር የላካችሁልን ሚስተር ቺምባላንጋ፣ ሱፍ ለብሶ በዚያ ሙቀት በመንደራችን ወፍጮ ቤት ጥላ ሥር ቆሞ፣ የማዕድኑ እጣቢ የሚጠራቀምበት ኩሬ በዝናቡ ስለሞላ ውሃው ወደ ካሊንጎ እንደሚለቀቅ አስረዳን። ካሊንጎ የምንጠጣው ወንዝ ነው። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ እኛ እንደ ወጋችን ቁጢጥ ብለን መዳፋችንን አጋጨን። አጨበጨብን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በላካችሁልን ቃለ ጉባኤ ላይ «ባለአክሲዮኖቹ የውሃውን መለቀቅ በሙሉ ድምፅ፣ በሞቀ ጭብጨባ አጽድቀዋል» የሚል ሰፍሮ አገኘሁ።

ክቡርነትዎ ከሌላ አገር ስለመጡ አይፈረድብዎትም። ሚስተር ቺምባላንጋ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እናቱም አጨብጭባ እንዳሳደገችው አልጠራጠርም። እኛ ዘንድ እንግዳ ተናግሮ ሲጨርስ ይጨበጨብለታል። ግብር ሰብሳቢ ሲናገር እናጨበጭባለን። መርዶ ነጋሪ እንኳ መርዶውን ነግሮን ሲጨርስ እናጨበጭብለታለን፤ ሟቹን ያጸደቅነው ግን የለም።

ቃለ ጉባኤውን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት እማማ ንድምያኬ፣ «እኔ እኮ ያጨበጨብኩት ልጁ ላብ በላብ ሆኖ አንጀቴን ስለበላው ነው!» አሉ። የመንደሩ ሹም በበኩላቸው፣ «ታዲያ ዝም ልንለው ኖሯል? ያልተቀጡ እንባል?» ብለው ተቆጡ። ባለቤቴ ሉሱቢሎ ደግሞ ሰው ፊት፣ «ይኸው ማንበብ ተማርክና ምን አተረፍን? ድሮ ሳታነብ ቢያንስ እንቅልፍ ነበረን» አለችኝ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ሁለተኛ። ስሕተቱ እንዲታረም ብለን ሚስተር ቺምባላንጋን ድጋሚ ጋበዝነው። መጣ። ያን ቀን ማንም እንዳያጨበጭብ ተማምለን ነበርና ሁላችንም እጃችንን ጭናችን ሥር ከትተን ተቀመጥን። እማማ ንድምያኬ ከልማድ ብዛት እጃቸው ሊያመልጣቸው ሲል የልጅ ልጃቸው ያዘቻቸው። እንግዳ አስቀምጦ አለማጨብጨብ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ቢያውቁ ኖሮ ያዝኑልን ነበር። በሁለተኛው ቃለ ጉባኤ ላይ ግን «ከባለአክሲዮኖቹ ምንም ተቃውሞ አልተሰማም፤ ውሃው በመጪው ሐሙስ ይለቀቃል» ይላል። ለዚህ ብልሃት ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። ብናጨበጭብ ተስማማችሁ፣ ባናጨበጭብ አልተቃወማችሁም። እባክዎ በሦስተኛው ስብሰባ እጃችንን የት እናድርገው?

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ መንገዱ አቧራ ነበር። ከውሃው አጠገብ ስጽፈው አፈርኩና ሰረዝኩት።

አራተኛ። ቅዳሜ ዕለት ቢሮአችሁ ድረስ በእግሬ መጥቼ፣ «አንፈልግም» የሚለውን ቃል በቃል ተናግሬ ነበር። በር ላይ ያለው ጸሐፊ በጣም ጨዋ ልጅ ነው። «አባቴ፣ ኩባንያው እኮ የእርስዎም ነው። ራስዎን ሊከሱ ነው የመጡት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኮፍያዬን አገላበጥኩ። ከዚያ የኩሬው ጉዳይ መፍትሔ በማግኘቱ የአክሲዮናችን ዋጋ መጨመሩን ነግሮ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። እኔም፣ ወይ ልማድ፣ ቁጢጥ ብዬ አጨበጨብኩለት።

በላካችሁልኝ መጽሔት ላይ በሩቅ ከተሞች ያሉ ሰዎች የዩራኒየም አክሲዮን መግዛት ሕሊና ይፈቅዳል አይፈቅድም ብለው እንደሚከራከሩ አንብቤያለሁ። አንደኛው ጭስ የሌለው ኃይል ስለሆነ ለዓለም ይበጃል ይላል፤ ሌላኛው ያመነታል፣ ግን ዋጋው ሳይወደድ መግዛቱን አይጠላም። ሁለቱንም አከብራለሁ። መብራታቸው አይጥፋ። እኛ በላምባ ነው የምንማረው፤ ቢሆንም ቅናት የለብኝም።

ስለ ውሃው ደግሞ ሁለት ወረቀት አለኝ። አንዱ የእናንተ ነው፤ «ለጤና ጠንቅ አይደለም» ይላል። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር መጥተው በጠርሙስ ቀድተው የሄዱት ሰዎች የላኩት ነው፤ «ካሁኑም ያሰጋል፣ ኩሬው ከተለቀቀ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር አይሰጥ» ይላል። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። ሁለቱንም ሳልደናቀፍ አነበብኳቸው። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚታወቅበት ትምህርት ግን እኛ ክፍል ገና አልደረሰም። ልጃችን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና እኛው ቤት ናት።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የኩሬው መዝጊያ ሐሙስ እንዳይከፈት፤ ቢያንስ ከሁለቱ ወረቀቶች የቱ እንደዋሸ እስኪለይ ድረስ። አክሲዮኔን መልሳችሁ ውሰዱት። ጭብጨባዬንም ውሰዱት።

ለታላቅነትዎ ተገቢውን ክብር በመስጠት፣ ወንበርዎ እንዲሰፋልዎ፣ ብርጭቆዎም ሁልጊዜ እንዲጠራልዎ እየተመኘሁ፣ የኩባንያዎ የጋራ ባለቤትና ትሑት አገልጋይዎ ነኝ።

ዋይሰን ምዋንጎሌራ
(በአውራ ጣት ሳይሆን በገዛ እጄ የፈረምኩ)

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳላሽግ መዝጊያው ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ተከፈተ። ስለ ትጋታችሁ እናመሰግናለን። ውሃው ሲመጣ ዳር ቆሜ አየሁት፤ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ሉሱቢሎ ባልዲዋን ይዛ፣ «በል አንተ አንባቢው፣ ልቅዳ ወይስ ልተወው?» አለችኝ። ሌላው ምንጭ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ዝም አልኳት። ዝምታዬን እንደ እናንተ ተርጉማው ቀዳች። ባልዲው አሁን እቤት ተከድኖ ተቀምጧል፤ ልጃችንም ጠምቷታል። መልሱን የሚያውቁ ከሆነ ዛሬውኑ ይላኩልኝ፤ በአጭሩ ይጻፉት ግን፣ ረጅም ቃል ላይ ገና እዘገያለሁ።