ጉምን የሰጠ ሰው

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሞጣ

የአውቶቡሱን አቧራ ሳላራግፍ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። መወርወሪያውን ሳብኩና የሳጥኑን በር ከፈትኩ። ባዶ። ድርቆሹ አልተነካም። የምትፍቀው የወይራ እንጨት እንዳለ ነው። ጥንቸሌ ጉም የለችም።

ሣህለ ማርያም ከኋላዬ ቆሞ፣ «አመለጠች» አለኝ። «ቅዳሜ ሳጥኑን ላጸዳ ስከፍት… አልያዝኳትም።»

ቢቸና የሄድኩት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ነው። አደራ የሰጠሁትም ለመንገደኛ አይደለም። በጥር ለማገባው ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ከትምህርት በኋላ ፈለግን። በአጥሩ ሥር፣ በእንጨት ክምሩ ውስጥ፣ በአከራዬ በእትዬ ዘይዳ ጎመን መሐል። እሱም ሱሪውን አቧራ እያስነካ ጎንበስ አለ። «ጉም፣ ጉም» እያለ ጠራት። አሳዘነኝ።

ሽልምጥማጥ ይሆን? ሳጥኑን ከመሬት ከፍ ያደረግሁት፣ ሽቦ የመታሁበት ለዚያ ነበር። ሁሉንም አሳይቼው ነው የሄድኩት። በጆሮዋ እንዳያነሳት፤ አንድ እጅ ደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ መቀመጫዋ ሥር። ጤዛ ያለበት ሣር እንዳይሰጣት፣ ሆዷ ይነፋል። እንዳያጥባት። ቀትር ላይ ወደ ጥላ። ጥርሷ ማደጉን ስለማያቆም እንጨት እንዳይጠፋ።

«ለእኔ እንዲህ አትጠነቀቂም» ብሎ ሳቀ። ግን አቀፋት፣ በደንብ። ልቧ መዳፉ ላይ ሲመታ፣ «እንዴት ይፈጥናል» አለ።

አንድ ነገር አልገባኝም። አምልጣ ከሆነ መወርወሪያውን ማን ዘጋው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

አልጠየቅሁትም። ፈራሁ? እኔ?

ጥንቸሎቹን እርሻ ቢሮ ከደብረ ማርቆስ ያመጣቸው ገበሬ እንዲያረባቸውና እንዲበላቸው ተብሎ ነበር። በዚህ አገር ጥንቸል ማን ይበላል? ተቀበሉ፣ ሳቁ፣ ረሷቸው። አንድ በአንድ አለቁ። የቀረችውን፣ ግራጫዋን፣ በካርቶን ይዣት መጣሁ። ከእጄ ቅጠል እስክትቀበል ክረምቱ አለፈ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ «ርኩስ እንስሳ ከምትተኚበት ቤት?» ብለው ተቆጡ። «ልበላት አይደለም፣ አባዬ» አልኳቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

እትዬ ዘይዳ ከሱቋ ጠራችኝ። ጨርቅ እያጠፈች፣ ዓይኔን ሳታይ።

«ልጄ፣ ዝም ልል ነበር። ግን በየአጥሩ ሥር ስትጠሪያት ስሰማ ሆዴ አልቻለም።»

ቅዳሜ ጠዋት በከረጢት ይዟት ወጥቷል። እሑድ ሆቴሉ ውስጥ ከውጭ አገር ለመጡ የእርሻ ባለሙያዎች ምሳ ነበር። ለነሱ ጥንቸል ትልቅ ግብዣ ነው ብሎ ያወራ ሰው አለ።

«ለእኛ ለእስላሞቹ እንኳ ክልክል አይደለም» አለች እትዬ ዘይዳ። «ግን ስም የወጣለት ነገር እንዴት ይበላል?»

ለምን? ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ። የውጭ ትምህርት ዕድል መጥቷል፤ ስም የሚያሳልፉት የዚያ ምሳ ጋባዦች ናቸው። ሣህለ ማርያም የሒሳብ መምህር ነው። አስልቶታል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ሆቴል ሄድኩ። የወጥ ቤቷ እትዬ ፈንታነሽ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እኔማ ድስቴን አላረክስም አልኩት። ብትፈልግ ራስህ ሥራው አልኩት። ከጓሮ ወስዶ አረዳት፣ በጣሳ ቀቀላት።»

«ራሱ?»

«ራሱ። በጆሮዋ አንጠልጥሎ።»

«እንግዶቹስ?»

«ምን እንግዳ አለ? ዶሮ ወጤን ጠራርገው በሉት። ያቺን ዞር ብሎ ያያት የለም፣ ለውሻ ጣልኳት።» ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየች። ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንቺ ልጅ… ያንቺ ነበረች እንዴ?»

ከሰዓት በኋላ ሣህለ ማርያም ቤት ድረስ ሄድኩ። አልካደም።

«ማክሰኞ ስትጠራት ነበር» አልኩት።

«ምን ላድርግ? አብረን እንፈልግ አልሽኝ።»

«በስሟ ነው የጠራሃት።»

«ለሁለታችን ብዬ ነው፣ ሀብትዬ። ተምሬ ስመለስ ኑሯችን ይለወጣል። ደግሞ… ጥንቸል ናት እኮ።»

እሑድ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አለቀስኩ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ቀለበቱን በእትዬ ዘይዳ እጅ ላክሁለት። መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዱ የጂኦግራፊ መምህር፣ «ሀብትነሽ፣ እኔ ዶሮ ብቻ ነው የማርደው፣ ታገቢኛለሽ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ። ክፍል ገብቼ ጀርባዬን ለተማሪዎቹ ሰጥቼ ብዙ ጻፍኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 26

አባዬ ከቢቸና መጡ። ሣህለ ማርያም ሽማግሌ ይዞ ገባ። እትዬ ዘይዳ ወንበር አበደረችን።

«ለጥንቸል ብላ ባል የተወች ስትባይ ደስ ይልሻል?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ከደብረ ማርቆስ ሌላ አስመጣላታለሁ» አለ ሣህለ ማርያም። «ሁለት።»

ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ፤ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። የምለውን ሁሉ ሳጠና ነው የሰነበትኩት።

አባዬ ቀደሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ገድለሃት ስታበቃ ከልጄ ጋር ስትፈልጋት ዋልክ?»

«እንዳይከፋት ብዬ ነው፣ አባቴ።»

አባዬ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ሌላ አልጠየቁም። «በሉ፣ ይብቃ» ብለው ተነሡ።

አውቶቡስ ላሳፍራቸው ስንሄድ ግን፣ «ሰው ይስቅብሻል» አሉኝ። ድምፃቸው ደክሟል። እርግጠኛ አይደሉም፣ በእኔም በራሳቸውም።

«ይሳቅ፣ አባዬ።»

ሣህለ ማርያም ስሙ አልፏል አሉ። በየካቲት ይሄዳል። ይሂድ። አሁንም ጠዋት ስነሣ እግሬ ወደ ጓሮ ይወስደኛል፣ ደረቅ ሣር ልቆርጥ… ይህ መቼ እንደሚተወኝ አላውቅም። እወደው ነበር፣ ሰውየውን። ያም አልተወኝም።

ሆኖም የእኔን ነገር ሳይጠይቀኝ ወስዶ «ለአንቺ ብዬ» የሚለኝን አልቀበልም። ገድሎ ሲያበቃ ስም እየጠራ አብሮኝ የሚፈልግን ሰው፣ ባል ይሁን ሹም፣ ከእንግዲህ ከደጄ አላቆመውም።