የቀናው የጠዋት ወረቀት

አቃቂ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ክረምቱን እንዴት ይዘሽዋል? ጉልበትሽስ ቅዝቃዜውን ቻለው? እኔ ፊቴ ድኖልኛል፤ የወለቁት ጥርሶቼ ግን መቼም ተመልሰው አይበቅሉ። ይህን ደብዳቤ ለጎረቤት ወስደሽ እንዳታስነብቢ። አንቺም እንደኔ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ተቀብለሻል፤ በጣትሽ እየተከተልሽ ራስሽ አንብቢው። ሦስት ቀን ቢፈጅብሽም ግድ የለም።

ዓመቱን ሙሉ ምን ስትሠሪ ከረምሽ ብለሽ ነበር። ሳነብ ከረምኩ። ሳነብና ስደበደብ።

ከመስከረም እስከ ሐምሌ ድረስ አሥራ አንድ መጽሐፍ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው ስለ ዶሮ እርባታ ነበር። ዶሮ የለኝም፤ ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛው ልብ ወለድ ሲሆን መጨረሻው ተገንጥሏል፤ ሴትዮዋ ባሏን ጥላ ባቡር ላይ ስትወጣ ያልቃል። የት እንደወረደች የቀበሌያችን ንባብ ቤት ኃላፊ አቻምየለሽ እንኳ አታውቅም። ልብስ ሳጥብ ስለሷ እያሰብኩ ሳሙናው ከእጄ ያመልጠኝ ነበር።

ላንቺም የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ቀናው አሥራ ሁለት ዓመት የሐዲድ ጥገና ካቦ ሆኖ ሲሠራ ማንበብ አይችልም ነበር። ከተራው ውጭ የሚያልፍ ባቡር ሲኖር ሰዓቱ በፊደል ተጽፎ ይሰጠዋል። አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ በምስጢር ያነቡለት ነበር። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ተራው የኔ የሚስቱ ሆነ። ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ይመጣል፤ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አነብለታለሁ። ለሰው ብትተነፍሺ ምላስሽን እቆርጠዋለሁ ብሎኛል። ጸሐፊው በግንቦት ካረፉ ወዲህ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለወረቀቱ እንጂ ለመጽሐፍ አልፈቀደም። የዶሮውን መጽሐፍ እሳት ውስጥ ከተተው። በጥር ጠላ ቤት አንዱ፣ ሚስትህ ንባብ ቤት ተተክላ ትውላለች፣ ሳትበልጥህ አትቀርም ብሎ ቀለደበት። ቤት ገብቶ በብሎን መፍቻ አፌን አለኝ። ያኔ አይደል ወዳንቺ የሮጥኩት? ነጠላዬ ላይ ያለው ደም ሳይደርቅ ሽማግሌ ሰብስበሽ ለሱ መልሰሽ አስረከብሽኝ። ቻይው አልሽኝ። እማዬ፣ አልረሳሁትም። የረሳሁ ለመምሰል ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

በሰኔ አቻምየለሽ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት አያያዝ የምትናገር ቀጭን መጽሐፍ ሰጠችኝ። የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ወልጄ፣ ታቅፌው ልመጣ ነበር ያሰብኩት። ከሸክምና ከምት ተጠበቂ የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ቀናው ገባ። ምንድን ነው የምታነቢው አለኝ፤ አነበብኩለት። እኔን ነው የጻፋችሁት ብሎ ሆዴን በቦት ጫማው ረገጠኝ። ከወደቅኩም በኋላ አልተወኝም። በማግስቱ ጽንሱ ወጣ። ወንድ ነበር። በፎጣ ጠቅልዬ ጓሮ ቀበርኩት። ደም ሲፈስ ምን እንደሚደረግ የሚናገረው ገጽ ቀጥሎ ነበር፤ ተኝቼ አነበብኩት።

ሐምሌ አሥራ ሰባት ጠዋት ወረቀቱን ሰጠኝ። ድልድዩ ላይ ብሎን ሊያጠብቅ ነው የሚሄደው። አብሮት የሚሠራው ለሜሳ ለቅሶ ስለሄደ ብቻዬን ነኝ ብሎኛል። ወረቀቱን አየሁት። ደግሜ አየሁት። ምን ያንቀረፍፍሻል ብሎ በጥፊ አለኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው አልኩት።

ባቡሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ድልድዩ መሐል አገኘው። ወንዙ ሞልቶ ይጮህ ስለነበር ጥሩንባውን አልሰማም አሉ። የተገኘውን ሰብስበው በሸራ አመጡልኝ፤ ፊት አልነበረውም። ለሜሳ ለካ ከለቅሶ ቶሎ ተመልሶ አብሮት ነበር። ወደ ወንዙ ሲዘል ባቡሩ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጠው። ለቀናው አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ለዚያ እግር ግን እስከዛሬ አለቅሳለሁ።

ሰው ሁሉ፣ ወረቀት በእጁ ይዞ እንዴት ተሳሳተ ይላል። ለሜሳ ብቻ መሳሳቱን አላመነም። ያን ቀን ቀናው ከዝናቡ እንዲጠለልበት ካፖርቱን አውሶት ነበር፤ ወረቀቱ ከኪሱ ተገኘ። ምግብ ይዤለት ስሄድ ከፍራሹ ሥር አውጥቶ አሳየኝ። እትዬ፣ ካቦው ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎኛል፣ እሱ አይሳሳትም፣ የጻፈው ሰው ነው ያስገደለው አለኝ። ለማንም አላሳየሁትም፣ ከሰው ሁሉ የማምነው አንቺን ነው፣ አንብቢልኝ አለ።

ከእንግዲህ ለማንም ወረቀት አላነብም አልኩት። ከፈለግህ ግን ፊደል ላስተምርህ።

ጀምረናል። በአሥር ቀን ገበታውን አጋምሷል፤ እኔ እንዲህ አልፈጠንኩም። እስከ መስቀል ራሱ ያነበዋል።

ከዚያ በፊት መጥተሽ ብታዪኝ ደስ ይለኛል። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ስትጸልዪ የለሜሳን ስም አስቀድሚ።

ልጅሽ