ታላቅ ወንድማቸው የሚያነቡት የጋሼ ሊፍት የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ሊፍት» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት ወንድማችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸው በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። ከበላያቸው ይህን ጽሑፍ አሁን በሚያምር ድምፃቸው የሚያነቡላችሁ ታላቅ ወንድማቸው፣ ከበታቻቸው ደግሞ ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው አሉ። በቤተሰባችን ደስታም ይሁን ሐዘን ንግግሩ የታላቅየው ነው። ለዛሬም «አንቺ ጻፊው፤ እኔ አነበዋለሁ፣ ብቻ አታርዝሚው» ብለው አዘዙ። ቀድመው ሊያዩት አልፈለጉም።

ሟች የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከቤታቸው አቅራቢያ ተከታትለው፣ በ1977 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሥራ ተመረቁ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በሊፍት ጥገና አሳለፉ። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ተቀርቅራ የምትጮህ የቢሮ ጸሐፊ ለማውጣት ተጠርተው፣ በበሩ ስንጥቅ በኩል «አይዞሽ፣ ቶሎ ካልከፈትኩልሽ አገባሻለሁ» አሉ። ብዙም ሳይቸኩሉ ሠሩ። በ1986 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በ2013 ዓ.ም. እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ መጣ። ሲመረመሩ ለዓመታት ችላ ያሉት የደም ግፊት ሁለቱንም ኩላሊቶቻቸውን እንደጨረሰ ተነገራቸው። ሐኪሟ ቤተሰቡን ሰብስባ መንገዶቹን አስረዳች። አንዱ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄዱ ደምን በማሽን ማሳጠብ ነው። ሌላው በሆድ በኩል በሚገባ ቱቦ ቤት ውስጥ መታጠብ ነው፤ ሟች ግን ቀድሞ ሆዳቸው ላይ ቀዶ ጥገና ስለተደረገላቸው ይህ አልሆነላቸውም። የቀረው ንቅለ ተከላ ነው። «እጥበቱ ያቆያቸዋል፤ ኩላሊት ቢያገኙ ግን ይኖራሉ። ልባቸው ሳይደክም ቶሎ ይሁን» አለች። ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር እንደሚችልም ነገረችን።

ባለቤታቸው የስኳር ሕመም ስላለባቸው መስጠት አልተፈቀደላቸውም። ታላቅ ወንድማቸው ግን ተመርምረው ተስማሚ ሆኑ። ዘመድ አዝማድ በሞላበት ሳሎን ተነሥተው፣ ጎናቸውን በእጃቸው ይዘው «አንዱ የእሱ ነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው፤ ተለቀሰላቸውም። አንባቢው እዚህ ጋ ጉሮሯቸው ቢደርቅ ውሃ ይጠጡ። ሟች በዚያን ጊዜ የሚጠጡት ውሃ እየተለካ ስለሚሰጣቸው የበረዶ ቁራጭ ይመጥጡ ነበር። መስመር መዝለል ግን አይቻልም፤ ወረቀቱ ታትሞ በሁላችሁም እጅ አለ።

መጀመሪያ የታላቅየው ልጅ ሠርግ ይለፍ ተባለ። ቀጥሎ የቤታቸው ጣሪያ፣ ቀጥሎ ጉንፋን፣ ከዚያም «ሕልሜ ጥሩ አይደለም» መጣ። ታናሽ እህት ተመርምራ እሷም ተስማሚ ሆና ስትገኝ፣ ታላቅየው «እኔ ቆሜ እያለሁ? በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ሽማግሌዎችም ታላቅ ቃል ከሰጠ ታናሽ አይቀድምም አሉ። ሟች ራሳቸው የወንድማቸውን ፊት ማጥቆር አልሆነላቸውም፤ «ቃሉን ሰጥቷል፣ እንጠብቀው» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የታላቅየው ቃል ግን ከሳሎኑ በር አላለፈም።

በ2015 ዓ.ም. የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ። ሟች እህል ሳይቀምሱ፣ የሆስፒታሉን ጋዋን ለብሰው ጠበቁ። የታላቅ ወንድማቸው ስልክ ተዘግቶ ዋለ። በማግሥቱ በፌስታል ሙዝና ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁ መጡ። ሙዝና ብርቱካን ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ክልክል መሆኑን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አልጠየቁም ነበር። ሟች አመስግነው ተቀበሉና ለነርሷ ሰጡ። ደግነታቸው እስከዚህ ድረስ ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ ባለቤት ግን ያን ያህል ደግ አይደለችም።

ታናሽ እህታቸው ያን ዕለት ማንንም ሳታስፈቅድ ልትሰጥ ሄደች። ምርመራው ተደግሞ እስኪያልቅ ግን የሟች ልብ ደከመ፤ ሐኪሞቹም ቀዶ ጥገናውን አይችሉትም ብለው ወሰኑ። ታላቅየው ይህን እንደሰሙ «አሁን ዝግጁ ነኝ» ብለው ሆስፒታል ከተፍ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሟች በማሽን እየታገዙ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥም በሌለበት ስፍራ ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። እህታቸው ይቅር እንድትል የምትጸልዩ ካላችሁ፣ ዛሬ ባትደክሙ ይሻላል።

የቀረው የአንባቢው የራሳቸው ቃል ነው፤ መናገር ስለሚወዱ ተጽፎላቸዋል፦

«ወንድሜ፣ እሰጥሃለሁ ብዬ አስጠበቅሁህ። ልትሰጥህ የመጣችውንም ከለከልኳት። ሁለቱም ኩላሊቶቼ እኔው ጋ ናቸው።»