የሰጠሁህ ፖምፓ

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 5 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለፀሐዬ፤

ከሁሉ በፊት እንኳን ደስ ያለህ! ሸዋረጋ ሰኔ 11 ቀን ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። አፍንጫው ቁርጥ ያንተ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ሲያድግ ይለምደዋል። እናትየውም ደህና ናት፣ ልጁም ጡት ይዟል። የኔዋ በላይነሽ ገንፎውንም አጥሚቱንም እያመላለሰች አንድ ቀን አልተለየቻትም። በዚህ በኩል አታስብ።

ስለ ሥራ ከጠየቅከኝ፣ የኔዋ ፊያት አሁንም ቢራና ለስላሳ ታከፋፍላለች፤ ማለት ከተነሳች። በጃንሆይ ጊዜ አብረው የተገዙ መንታዎች ነበሩ፤ ያንተዋ ዘመቻ ስትሄድ የኔዋ እዚህ አሮጊት ሆና ቀረች። በየጠዋቱ ጫኞቹ ተሰብስበው ይገፏታል። ባዶ ጠርሙስ ብቻ ጭናም ቢሆን ዳገት ላይ ጭሷ ሰፈሩን ይሸፍነዋል። ለዙቤዳ ሱቅ ለስላሳ ሳወርድ «ያ ጠርሙስ የማይሰብረው ሾፌር መቼ ነው የሚመለሰው?» ትለኛለች፣ እኔ ሰባሪው መሆኔ ነው። ጫኞቹ ደግሞ መኪናዋን እየገፉ «ምን ይደረግ፣ ደህናውን የናፍጣ ፖምፓ ለጓደኛው ሰጥቶ እኮ ነው» ይባባላሉ። ይህን በየቀኑ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ እሰማለሁ።

በግንቦት የጻፍከው ደብዳቤ ደርሶኛል። «ጣርማ በርን ሙሉ ጭነት ይዤ ወጣኋት፣ ያንተ ፖምፓ ባይኖር አንዱ ጥግ ቆሜ ቀርቼ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ምን እንደሚያገኘው አትጠይቀኝ» ብለሃል። ቀጥለህም «ወንድ ከተወለደ ክርስትና አንተ አንሳልኝ፣ ካንተ የተሻለ አበ ልጅ ከየት አገኛለሁ» ብለሃል። ሸዋረጋ ቄሱን አነጋግራ ጨርሳለች። አርባ ቀኑ ሐምሌ 20 ነው።

ፀሐዬ፣ ልጅህን ከማቀፌ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ፖምፓውን የሰጠሁህ ለአንተ ብዬ አይደለም።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የስምሪቱ ኃላፊ አቶ ወልደጊዮርጊስ ወደ ጥግ ጠርቶኝ «ሐሙስ የጦሩ ሰዎች ይመጣሉ። ከሁለቱ ፊያቶች ደህናዋን ከነሾፌሯ ነው የሚወስዱት። ከኔ ሰማሁ እንዳትል» አለኝ። ደህናዋ የኔ ነበረች። ያንተዋ የናፍጣ ፖምፓዋ ደክሞ፣ ስንት ጊዜ መሐል መንገድ ላይ ቆማብህ ጎትቼሃለሁ። እሑድ ቤትህ መጣሁና «ለኔ አዲስ ሊያስመጡልኝ ነው፣ የኔን ውሰድ» አልኩህ። የሚመጣ አዲስ ፖምፓ አልነበረም። ግቢ ገብተን በገዛ እጃችን ፈትተን ለዋወጥናቸው። ሥራው ሲያልቅ ናፍጣ በነካው እጅህ አንገቴን አቅፈህ ሳምከኝ። በላይነሽ ሸሚዜ ላይ የቀረውን እድፍ እስከ ዛሬ ታማርራለች።

ሐሙስ ሻምበሉ መጣ። ያንተዋ ቁልፉን እንዳዞርክ ተነሳች። የኔዋ አሳለች፣ አጨሰች፣ ጠፋች። ሻምበሉ ስምህን ሲጽፍ አንተ ለራስህ ማሰብ ትተህ፣ እኔ መኪና ያበላሸሁ መስዬ እንዳልወቀስ ብለህ «የሱም ደህና ነበረች፣ ለኔ ብሎ ነው ፖምፓውን የሰጠኝ» አልከው። ሰውዬውም «ጥሩ ጓድ አለህ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገው። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ። ሸዋረጋ የሰባት ወር እርጉዝ መሆኗንም አውቅ ነበር።

ከሄድክ በሳምንቱ ቤታችን መጣች። «የራስህን አውልቀህ ሰጠኸው፣ ወንድሜ» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ያን ሆድ ይዛ፣ እኔ እግር ሥር! ብድግ አድርጌ አነሳኋትና ያኔም ዝም አልኩ።

ለራሴ ያልነገርኩት ምክንያት የለም። አራት ልጆች አሉኝ አልኩ። እሱ ጎበዝ ሾፌር ነው፣ ይመለሳል አልኩ። ደብዳቤህ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ፖምፓው እኮ ሕይወቱን እያተረፈለት ነው ማለት ጀምሬ ነበር። ይህቺኛዋስ እኔንም አሳፈረችኝ። ፈሪ ነኝ፣ ፀሐዬ። ሞትን ፈርቼ አንተን አቀረብኩ። ሌላ ስም የለውም።

ይህን ወረቀት በፖስታ ልልከው አልደፈርኩም። ወደ ኮምቦልቻ ጭነት የሚያመላልሰው መገርሳ ሸዋረጋ ከላከችልህ በሶ ጋር ያደርስልሃል፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ሌላ እጅ ከገባ ስሙ አሻጥር ነው፣ አሻጥረኛ ምን እንደሚደረግ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን። ለአለቆችህ ብታሳየውም አልቀየምህም። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ባንተ ቦታ ላለመሆን ነው ይህን ሁሉ ያደረግኩት።

ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርህም፣ አንተ ገና መንገድ ላይ ነህ። እመብርሃን ከፊትህ ትቅደም፤ ልጅህን በዓይንህ ለማየት ያብቃህ።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። መገርሳ ከሐምሌ 20 በፊት ይመለሳል። በእሱ አንድ ቃል ላክልኝ፤ «ያንሳ» ወይም «አያንሳ»። አያንሳ ካልክ ምክንያቱን ለሸዋረጋ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ዝም እንዳትለኝ ብቻ። ለቄሱ «አልችልም» ልል ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄጄ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመልሻለሁ። ቃልህ ሳይደርስ ቀኑ ከደረሰ፣ ሸዋረጋ ልጁን ስታቀብለኝ እጄን እንደምዘረጋ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ግንባሩን እንደምስመው አውቃለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ቶሎ ብለህ ከልክለኝ።

ተክለማርያም