ወንዝ ዳር የዋሹብህ ውሸት

ጌትዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እንደምን አለህ እንዳልልህ አትመልስልኝም፤ እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ መዋሸት ይሆንብኛል። ውሸት ደግሞ በአንተ ላይ የተዋሸው ይበቃል። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ልንገርህ።

ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤታችን ፈርሷል። ሰፈሩ እንዳለ ነው የፈረሰው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህኛው ግድግዳ «ይማርህ» የምንልበት ቤት፣ አሁን ቦታው ሰፊ መንገድና ሣር ሆኗል። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ የነበረችው የሰዓት መጠገኛህም የለችም። እኔና ልጅህ ቤዛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ዕድርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ፒያሳ ስወርድ እግሬ በልማዱ ወደ ሰፈር ያዞረኛል፤ የቆምኩበትን ቦታ መለየት ያቅተኝና ተመልሼ ታክሲ እይዛለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቤቱ አይደለም።

መጀመሪያ የወሰድከኝን ሽርሽር አስበው እስቲ። ኬክ ቤት መስሎኝ ታኮ ጫማ አድርጌ መጣሁ። አንተ ግን በአፍንጮ በር፣ በሽሮ ሜዳ አድርገህ እንጦጦ አወጣኸኝ። ከተራራው ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ጽዱና ወይራው ወደሚጀምርበት ቀጭን መንገድ ስታስገባኝ «ሰው እጮኛውን ጫካ ይወስዳል?» ብዬ ተቆጣሁ። የራስህን ሸራ ጫማ አውልቀህ ሰጠኸኝና አንተ በካልሲ ወረድክ። ወንዙ ዳር ተቀምጠን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላን። በሚጥሚጣው እያነባሁ እስቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ እሁዳችን ያ መንገድ ሆነ። ቤዛን አዝለን ሄድንበት፤ ስታድግ ደግሞ እሷ ከፊታችን እየሮጠች ሄድንበት። ጉልበቴን ሲያመኝ እኔ ቀረሁ፤ አንተ ከአብሮ አደግህ ከወንዴና እሱ ከሚሰበስባቸው የፒያሳ ሰዎች ጋር ቀጠልክ።

እኔ የማውቅህ ጌታሁን በዱላው ሳይነካ ድንጋይ የማይረግጥ ሰው ነው። ላይ አገር ሰማዩ ጠቆር ካለ «ውሃ ዘመድ የለውም» ብለህ ሁላችንንም ከመንገድ ትመልሰን ነበር።

ከዚያ ያ የነሐሴ እሁድ መጣ። ወንዙ ወሰደህ።

ለቅሶው ላይ ወንዴ ደረቱን እየመታ ምን እንዳለ አልሰማህም። «ለምኜው ነበር! አትሻገር ብዬው ነበር! እምቢ ብሎኝ ገባ!» አለ። ድንኳን ሙሉ ሰው ሰማው። አብሮህ ያደገን ሰው ማን ይጠራጠራል? ከዚያ በኋላ ሊያጽናናኝ የሚመጣው ሁሉ «አይ ጌታሁን! አጉል ድፍረት!» እያለ ራሱን ይነቀንቅልኝ ጀመር። አላመንኩም። ግን ቦታው ላይ አልነበርኩም፤ ምን ብዬ ልከራከር?

ከሁሉ የከፋው ቤዛ ማመኗ ነው። «አባቴ ለጉራ ብሎ ነው ጥሎኝ የሄደው» አለችኝ። ሙት ዓመትህ ዕለት ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። ውሃው ከእኔ ወሰደህ፤ የወንዴ ምላስ ደግሞ ከልጅህ ልብ አወጣህ።

ባለፈው ግንቦት አንዲት ሴት በራችንን አንኳኳች። ሐያት ትባላለች፤ ፒያሳ ጨርቅ የምትሸጥ ወሎዬ ናት። ያን ዕለት ከእናንተ ጋር ነበረች። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እኛን ስታፈላልግ ከርማለች። ተቀመጪ ብላት ቆማ አለቀሰች። «እትዬ፣ ባለቤትዎን የበላሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ወንዙ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ነበር አለች። አንተ «በላይኛው ድልድይ እንዙር» ስትል ወንዴ «አረጀህ እንዴ ጌቾ? ጉልበት የማይደርስ ውሃ ፈርተህ?» ብሎ አሳቀብህና ቀድሞ ገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንተ አልገባህም፤ ከዳር ቀረህ። ሐያት መጨረሻ ላይ ገብታ መሃል ስትደርስ እግሯ ድንጋይ መካከል ተያዘ። ጮኸች። የሚቀርባት ማዶ የቆመው ወንዴ ነበር፤ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ነው አንተ የገባኸው። እግሯን አላቀህ፣ ወደ ማዶ ገፍተህ የዛፍ ሥር አስጨበጥካት። አንተ የምትጨብጠው ሳታገኝ ደራሽ ጎርፍ መጣ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዞሽ ነው?» አልኳት።

«ወንዴ ‹በአንቺ ምክንያት ነው የሞተው፤ ቤተሰቡ ቢሰማ አይለቅሽም› አለኝ፤ ሌሎቹንም ዝም አሰኛቸው። ፈራሁ እትዬ። ልጆቼን ይዤ ፈራሁ። በኋላ ልንገራቸው ብዬ ስነሣ ሰፈሩ ፈርሶ ነበር።»

ልቀፋት ወይ ከቤቴ ላስወጣት አላወቅኩም። ቤዛ ከጓዳው በር ቆማ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። አላለቀሰችም። «ቦታውን አሳዪኝ» ብቻ አለቻት።

በሳምንቱ እሁድ ሦስታችን ሄድን። ጉልበቴን አስሬ ወረድኩ። መንገዱ ያው ነው፤ ጽዱም ያው ነው። ወንዙ በበጋው ጠፍቶ ሕፃን እንኳ የሚሻገረው ሆኗል፤ ያን ሁሉ ያደረገው ይህ ውሃ መሆኑን ማመን አቃተኝ። ወንዴ እዚያው ነበር። አሁን ወጣቶችን እየሰበሰበ በዚያ ጫካ ያዞራል፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። «እዚህ ቦታ የልብ ጓደኛዬን አጣሁ፤ ምክር የማይሰማ ሰው ነበር» ሲል ደረስን።

«የትኛውን ምክር ነው ያልሰማው?» አለች ልጅህ ከኋላ።

ዞሮ ሐያትን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ሐያት ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገረች። ወንዴ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «የሞተው ሞቷል። እሱን ምን ይጎዳዋል? እኔ ግን በሰው መሃል የምኖርበት ስም አለኝ» አለኝ።

«እሱም ስም ነበረው» አልኩት።

ይቅርታ አላለኝም። ፊሽካውን ነፍቶ ሰዎቹን ይዞ ሄደ። አንዳንዶቹ ዞር ዞር እያሉ አዩን፤ የሚበዙት ስልካቸውን እያዩ ተከተሉት። በቃ፣ ይኸው ነው ጌትዬ። ሰማይ አልተደፋበትም። ቤዛ ብቻ ውሃው ዳር ቁጭ ብላ «አባዬ፣ አባዬ» እያለች፣ በለቅሶህ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

የንስሐ አባቴ «ይቅር በዪ» ይሉኛል። ገና አልቻልኩም። ሐያት ትመጣለች፣ ትጠይቀናለች፤ ጥሩ ሰው ናት። ግን ልጆቿ እጇን ይዘው ሲመጡ የእኔዋ የማን እጅ ትያዝ እላለሁ። እንዲህ ባልኩ ቁጥር በአንተም እናደዳለሁ። ለምን ገባህ? ወንዴን ያስቻለው አንተን ምነው አላስቻለህ? ይህን የምጠይቀው ሌላ የለኝም።

ጉልበቴ እስከቻለ ወደዚያ ወንዝ እወርዳለሁ። ወንዴ ባወራበት ሁሉ እኔም አወራለሁ። ሲያቅተኝ ቤዛ አለች፤ ቃል ገብታልኛለች። ባልሽ በምን ሞተ ለሚለኝ ሁሉ፣ በታክሲም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ አንገቴን ሳልደፋ «ሰው ሊያወጣ ገብቶ» እላለሁ።

ሚስትህ አልማዝ