የኢክራም ግራ ዓይን

ጥቅምት 8
ሥራ በዛ። የሠርግ ልብስ፣ ዩኒፎርም... ሚስቴ ፈርዶሳ ምሳዬን ስታመጣ ኢክራምንም ይዛት መጣች። መርፌ ላይ ክር ሳስገባ አንድ ዓይኔን እጨፍን የለ? ልጄም እግሬ ሥር የልብስ ቁልፍ ስትለቅም ግራ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። ገና ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት። አጠገቤ የሚሰፋው አሽረፍ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ "ማሻአላህ፣ ልብስ ሰፊ ወልደሃል" አለኝ። ኮራሁ፤ ምን እደብቃለሁ።
ፈርዶሳ ግን አልሳቀችም። "ፀሐይ ላይም ትጨፍናለች። ዓይኗ ወደ ጎን ይሸሻል" አለች። ሚስቴ ጭንቀት ትወዳለች።

ጥቅምት 15
ፈርዶሳ አሸነፈች። እስከ ሸዋ በር በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ ዓይን ሐኪም ዘንድ። ዶክተር መቅደስ ትባላለች። ግራ ዓይኗን ስትሸፍንባት ኢክራም ዝም። ቀኙን ስትሸፍን... ጩኸት።
"እኔን እያየች ነው የምትጨፍነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ" አልኳት። ፈገግ አለች።
"ሕፃን ማየትን እንደ መራመድ ይማረዋል" አለች። "ሲወለድ ሁሉም ነገር ብዥ ይልበታል። ቀስ በቀስ ዓይኑና አእምሮው ይግባባሉ። የእሷ አእምሮ ግን ግራውን ትቶ በቀኙ ብቻ መሥራት ለምዷል። መነጽር ታደርጋለች፤ ደህናውን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት በፕላስተር እንሸፍነዋለን። ያኔ ሰነፉ ይማራል።"
"ቢቆይስ?"
"ካደገች በኋላ ያስቸግራል። አሁን በጥሩ ጊዜ መጥታችኋል።"
ስንመለስ ፈርዶሳ ስለ መነጽሩ ዋጋ ብቻ አወራች። ብትወቅሰኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 21
መነጽሩ ደረሰ። ቀኝ ዓይኗ ላይ ፕላስተሩን ለጠፍን። ነቀለችው። ለጠፍን። ነቀለችው።

ጥቅምት 27
ዛሬ ፈርዶሳ ቀኝ ዓይኗን ሸፍና አመጣቻት። ከመንገዱ ማዶ፣ "ወደ አባ ሂጂ" ብላ ለቀቀቻት። እኛ ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ አጎንብሰናል። ልጄ ሄዳ የአሽረፍን ጉልበት አቀፈች። "አባ" አለችው።
አሽረፍ ብድግ አድርጎ ሰጠኝ። እሱ እንኳ አልቀለደም። በዚያ ዓይን አይታኝ አታውቅም ማለት ነው?
ግን ይማራል ተብሏል። ይማራል።

ኅዳር 3
እኔ የማልሰፋው ነገር አለ? ከቀይ ሐር ቁራጭ ለአሻንጉሊቷ የዓይን መሸፈኛ ሰፋሁላት። አንድ ደግሞ ለራሴ። አድርጌው ስሠራ ዋልኩ። የሰፋሁት ሁሉ ጠማማ... ደንበኞች ሳቁ፤ ይሳቁ። ኢክራም እኔን ስታይ የራሷን መንቀል ረሳች።

ኅዳር 20
አልነቀለችም። አልሐምዱሊላህ።

ጥር 6
ዓይኗ ተሸፍኖ ቁልፍ ለቀመች። ትልልቁን ብቻ። ትንሹ የሸሚዝ ቁልፍም ይመጣል፣ ምን ያስቸኩላል።

ሚያዝያ 17
ቀኝ ዓይኗ እንደተሸፈነ ከመንገዱ ማዶ ለቀቅናት። አልጠራኋትም። ድምፄን ሰምታ እንድትመጣ አልፈለግሁም። አጎንብሼ ስፌቴን የምሰፋ መሰልኩ... የቱን ስፌት።
አሽረፍ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀና ብላ አየችው። አልፋው መጣች።
"አባ።"
ጉልበቴን ይዛ ቆየችና ሱሪዬ ላይ የተጣበቀች ቀጭን ነጭ ክር በሁለት ጣቷ አንስታ ሰጠችኝ። በግራ ዓይኗ ያየቻትን።
ክሯን መርፌዬ ላይ ላስገባ ብል አልገባ አለችኝ። "አንዱን ጨፍን እንጂ" አለኝ አሽረፍ።
ዛሬ አልጨፍንም አልኩት።