የሐሙሱ የሙከራ ጉዞ

ሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን
ከቢሮ፣ በምሳ ሰዓት

ለውዷ የልጄ እናት፣

ትናንት በስልክ ደህና መሆንሽን ስለነገርሽኝ ጤናሽን በመጠየቅ አልጀምርም። እኛም ደህና ነን። ድንቡሼ ከታች በስተግራ ያለው መንጋጋዋ ወጥቶላታል፤ ከዚህ በኋላ በጥርስ የማመካኘው ነገር የለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለ ቅዳሜው ጉዟችን ነው። በስልክ ዝርዝሩን ስጀምር «በአጭሩ ንገረኝ» ትይኛለሽ፤ እኔ ደግሞ በአጭሩ ስናገር የሚያስፈልገውን ትቼ የማያስፈልገውን እንደምናገር ታውቂያለሽ። ደብዳቤው ሐሙስ እጅሽ ይገባል ብዬ እገምታለሁ። ከቅዳሜ በፊት ማንበብሽ ግድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ ዕቅዱን ላስረዳሽ። ባቡሩ ከዚህ የሚነሣው ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ። ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ በግራ በኩል እንቀመጣለን፤ በቀኝ በኩል የጠዋት ፀሐይ ዓይን ይወጋል፤ መጸዳጃ ቤቱም ያለው በዚያው ፉርጎ ጫፍ ነው። ፖፖዋን ግን ይዣለሁ፤ በባቡሩ መጸዳጃ ቀዳዳ ሐዲዱ ሲሮጥ ስለሚታይ ትፈራዋለች። ጋሪዋን አልይዝም። የጣቢያችሁ ደረጃ አርባ አንድ ነው፤ እዚያ ላይ ጋሪውንም ልጅቷንም የምሸከመው እኔው ስለምሆን አዝላታለሁ። ለመንገድ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ብስኩትና ውሃ ይበቃል። ብስኩቱ ግን እንቁላሉ ሳይበላ አይከፈትም፤ አንዴ ከታየ ሌላውን ምግብ ዞራ አታየውም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትሰለቻለች፤ ለዚያ ጊዜ የእንስሳት ስቲከር አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዋሻው ይመጣል፤ እዚያ ጋ እጇን መያዝ ያስፈልጋል። ከጣቢያው እስከ መድኃኒት ቤትሽ በዐዋቂ እርምጃ ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ በእሷ እርምጃ ግን ሃያ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዳቦ መጋገሪያው ጎን ሁለት ድመቶች ስላሉ ሳይነኩ አይታለፉም።

እዚህ ስትደርሺ አንድ ጥያቄ እንደሚመጣብሽ አውቃለሁ። አንቺ እስከምታውቂው ድረስ፣ ወደዚያ ከሄድሽ ወዲህ እኔ ብቅ ብዬ አላውቅም። የደረጃውን ቁጥር፣ የዋሻውን ሰዓት፣ የድመቶቹን ቦታ ከየት አገኘሁት?

ባለፈው ሐሙስ መጥተን ነበር። እኔና ድንቡሼ።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። የአንድ ነጋዴ ሚዛን ልክ ነው ብዬ ማኅተም ከማድረጌ በፊት ልኩ የታወቀ ክብደት እጭንበታለሁ፣ አነሣለሁ፣ እንደገና እጭናለሁ። ሦስቴ እኩል ካላነበበ አልፈርምበትም። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ይህ ደንብ አሳፍሮኝ አያውቅም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ይዞ ከተማ ደርሶ መመለስንም በዚያው ዓይን አየሁት፤ ሳይሞከር የሚደረግ ጉዞ ለእሷም ለአንቺም እንግልት ይሆናል አልኩ። ያለ እሷ ብመጣ ደግሞ ባዶ ሚዛን አንብቦ እንደ መመለስ ነበር። ስለዚህ የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። እትዬ እንደ ወትሮዋ ልጅቷን ወደ ልብስ ስፌት ቤቷ ልትወስዳት ስትመጣ፣ ታላቅ እህቴ ናትና እውነቱን ልነግራት ይገባኝ ነበር። «ዛሬ ክትባት አለባት» አልኳት።

ባቡሩ ላይ ሁሉም እንዳሰብኩት ሄደ። ድንቡሼ ተንበርክካ በመስኮቱ የስልክ እንጨቶችን ትቆጥራለች፤ «አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አንድ»። ፊት ለፊታችን አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ጆንያዋን በእግሮቿ መካከል አጥብቃ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ በማስታወሻ ደብተሬ ሰዓት ስመዘግብ ለጥቂት ጊዜ አየችኝና ልጅቷን ጠየቀቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«እማዬ ጋ» አለች ድንቡሼ።

«ዛሬ ሙከራ ነው» አልኩ፣ ማብራሪያ መስጠት የሚገባኝ መስሎኝ። «ዋናው ጉዞ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው።»

«የምን ሙከራ?»

«መንገዱን እንድትለምደው ነው። ዛሬ በሩ ድረስ ደርሰን እንመለሳለን።»

ነጋዴዋ ደብተሬን አየች፣ እኔን አየች። «ወንድሜ፣ እናት ለሙከራ ትታያለች እንዴ?» አለችና ወደ ድንቡሼ ዞረች። «እናት ዓለም፣ አባትሽ ባቡሩን ነው ወይስ አንቺን ነው የሚሞክረው?»

«ባቡር» አለች ድንቡሼ። ሴትየዋ ጆንያዋን ተሸክማ እስክትወርድ ድረስ ሳቋ አልለቀቃትም። እኔም አብሬያት ፈገግ ብያለሁ። ያን ፈገግታዬን አሁን ሳስበው ያመኛል።

አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ከመድኃኒት ቤትሽ ማዶ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ደጃፍ ቆምን። ዜብራው የት እንዳለ እያየሁ ነበር። ውስጥ ትኖሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ ሐሙስ የከሰዓት ተረኛ መስለሽኝ ነበር።

በመስታወቱ በስተጀርባ ቆመሽ ነበር። ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ ለአንድ ሽማግሌ በጣቶችሽ ታሳዪያቸዋለሽ፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ። አልገባቸውም መሰለኝ ደግመሽ አሳየሻቸው። አልቸኮልሽባቸውም።

ድንቡሼ ከእኔ ቀድማ አይታሻለች። «እማዬ» አለች። አልጮኸችም፤ የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ ሰው እንደሚናገረው ዝግ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ እጄን ጎትታ ወደ አስፋልቱ ልትወርድ ስትል አነሣኋት። መንገዱን ተሻግሬ መግባት እችል ነበር፤ በዚያች ሰዓት አንድ መኪና እንኳ አልነበረም። ያልኳትን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፦ «እማዬ ሥራ ላይ ናት። ዛሬ አይተን ነው የምንመለሰው። ቅዳሜ እንገባለን።» ቅዳሜ ማለት ምን እንደሆነ ለማታውቅ ልጅ።

ያን ጊዜ ጮኸች። አንቺም ቀና ብለሽ ወደ መንገዱ ተመለከትሽ። አውቶቡስ መጥቶ በመካከላችን ቆመ፤ ሲነሣ እኛ መታጠፊያውን አልፈን ነበር። አውቶቡሱ ጋረደን ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት አይሆንም፤ የሮጥኩት ግን እኔ ነኝ። ደብተሬ ከቤት ወጥተን እስክንመለስ ያለውን እያንዳንዱን ሩብ ሰዓት ይዟል፤ ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። በዚያን ሰዓት በጣቢያው አግዳሚ ላይ ልጅሽን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ብስኩቱን ሰጠኋት፤ አልተቀበለችኝም።

በዚያው ዕለት ማታ ደውለሽ «ዛሬ የልጄን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ናፍቆት ጆሮንም ያበላሻል ማለት ነው» ብለሽ ስትስቂ፣ እኔ «ደክሞሽ ይሆናል» አልኩሽ። ከሁሉም ይልቅ ይቅር ልትዪኝ የሚከብድሽ ይህ ይመስለኛል። ለእኔም ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት አልጽፍልሽም ነበር። ይህንንም አልደብቅሽም። ትናንት ግን ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ድንቡሼን «ቅዳሜ እማዬ ጋ እንሄዳለን» አልኳት። ሮጣ ጫማዋን አመጣችና አጠገቤ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ «አይተን እንመለሳለን» አለች። እየጠየቀችኝ አልነበረም፤ እየነገረችኝ ነበር። ዓይኗ ላይ አንዲት ዕንባ አልነበረም።

እትዬ የልጅቷን ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ እዚያው ተቀምጣለች። መቀሷን አስቀመጠች።

«ምኑን ነው አይታችሁ የምትመለሱት?»

«ሕፃን ናት፤ አፏ ላይ የመጣላትን ነው» አልኩ።

«ዐርብ ዕለት ሱቄ ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆማ እጇን እያወዛወዘች ‹እማዬ ከውስጥ ናት፤ በቃ አየን› ስትል ነበር የዋለችው። እኔ ሞኟ ክትባቱ አስቀባጥሯት ነው ብዬ ግንባሯን ስዳስስ ዋልኩ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች፤ እትዬ ሳታቋርጥ ስትሰማ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ።

«‹የተማረ ይግደለኝ› የሚሉት» አለች በመጨረሻ፣ «አንተን ሳያዩ ነው።»

«እትዬ፣ ለልጅቷ ብዬ እኮ ነው።»

«ተው እንጂ። ስምንት ወር ሙሉ ለልጅቷ ብለህ ነው። ጥርሷ እስኪወጣ፣ ሳሏ እስኪለቃት፣ ዝናቡ እስኪያባራ። አሁን ደግሞ ጭራሽ ባቡር ልትመዝን ሄድክ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ የፈራኸው እናቷን ትረሳለች ብለህ ነው፣ አትረሳም ብለህ?»

አልመለስኩላትም። ለአንቺ ግን መመለስ አለብኝ።

ሥራውን ስታገኚ «አብረን እንሂድ» ብለሽኝ ነበር፤ «ሥራዬን ጥዬ?» ያልኩት እኔ ነኝ። «ቤት ይዘሽ እስክትደላደዪ ልጅቷ እኔ ዘንድ ትቆይ» ያልኩትም እኔ። የተስማማነው ለአንድ ወር ነበር፤ አንቺ ቤት ያገኘሽው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ያን እሑድ መጥተሽ አይተሻት ስትሄጂ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ እኔም ያንን ይዤ «ቶሎ ቶሎ መምጣትሽ ያውካታል» አልኩሽ፤ አንቺም ልጅሽ እንዳትጎዳ ብለሽ ቀረሽ። ከዚያ ወዲህ ያቀረብኩልሽ ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ሲታይ እውነት ነበር። ጥርሷም ያማት ነበር፤ ሳልም ነበራት፤ ዝናቡም ከባድ ነበር። አንድ ላይ ሲቀመጥ ግን ውሸት ነው።

ከላይ «ውስጥ ትኖሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም» ብዬ ጽፌልሻለሁ። እሱን ሰርዢው። ረቡዕ ማታ ስንነጋገር «ነገ ጠዋት እገባለሁ» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ማየት የፈለግኩት ልጅቷ ታውቅሽ እንደሆነ ነው። ባታውቅሽ ኖሮ እፎይ እል ነበር። ይህን የሚጽፈው እጅ የእኔ መሆኑ ያሳፍረኛል፤ ነገር ግን እንዲያ ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ በዚህ ቤት ማለዳ ተነሥቼ ካልሲ የምፈልግለት ሰው እሷ ብቻ ናት። እሷን እንዳላጣ ብዬ እሷን እናቷን አሳጣኋት።

ስለዚህ ዕቅዱን ቀይሬዋለሁ። ወደ መድኃኒት ቤቱ አንመጣም፤ መስታወት ያለበት ቦታ አይሁን። ፈቃድ ካገኘሽ እስከ ባቡሩ ድረስ ነይ። ሁለተኛው ፉርጎ የሚቆመው ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ነው። በሩ ሲከፈት እኔን አትጠብቂ፤ ቀድመሽ እጅሽን ዘርጊላት። አይታሽ ወደ እኔ ዞራ «እንመለስ» ልትል ትችላለች። አትደንግጪ። ስላልፈለገችሽ አይደለም፤ እንዲህ ነው የሚደረገው ብላ ነው፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ጥፋቷ እንዳይመስልሽ፣ ለእሷም እንዳይመስላት።

የመመለሻ ትኬቱን ዛሬ ጠዋት ቆርጫለሁ።

«የልጅቷንስ?» አለኝ ትኬት ቆራጩ።

«እሷ እናቷ ዘንድ ትቆያለች።»

«እስከ መቼ? ቀኑን ከነገርከኝ አሁኑኑ እቆርጥልሃለሁ።»

«እሱን የምታውቀው እናቷ ናት» አልኩት። ትንሽ አየኝና የእኔን ብቻ ቆርጦ ሰጠኝ።

እትዬ ልብሶቿን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በትልቁ ሻንጣ ከታለች፤ የክረምቱንም ጭምር። የክረምቱን ለምን እንደጨመረች አልጠየቅኳትም። ድንቡሼ ሌሊት አንዴ ትነቃለች፤ ውሃ ብቻ ነው የምትፈልገው፤ መብራት አታብሪ። ሙዝ ከተቆረጠባት ታለቅሳለችና ሙሉውን ስጫት። «እምቢ» ማለት ጀምራለች፤ ግማሹ እምቢታዋ እሺታ ነው፤ የትኛው እንደሆነ በሁለት ቀን ትለዪዋለሽ። እኔ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

እኔ በአሥር ሰዓቱ ባቡር እመለሳለሁ። ልትቆጪኝ ብትፈልጊ ከዚያ በፊት ጊዜ አለ፤ ልጅቷ ሳትሰማ ቢሆን ይሻላል፤ እየሰማችም ቢሆን አልከራከርም። ወደ ጣቢያው ግን አትሸኙኝ። ስሄድ ልታለቅስ ትችላለች፤ ላታለቅስም ትችላለች። ከሁለቱ የትኛውን ማየት እንደምችል አላውቅም።

ፈጣሪ ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ፤ ከእጅሽ መድኃኒት የተቀበለ ሁሉ ይዳን። ለእሷ ዕድሜሽን ያርዝምላት፤ የነሣኋችሁን ስምንት ወር አብልጦ ይተካላችሁ።

አክባሪሽ፣
የድንቡሼ አባት

ማስታወሻ፦ መነጽር ማድረግ እንደጀመርሽ አልነገርሽኝም ነበር። ያምርብሻል።